ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት የደም ሥር መከፈት

ለዓመታዊው መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በኮሚቴው ስጠየቅ ይህንን ርእስ የመረጥኩበትን ምክንያት በአጭሩ ልግለጽ።

ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሐዘንተኛ እናጽናናለን። ታዲያ በየሐዘኑ ቤት ተቀምጠን "ምን ሆነው ነው የሞቱት?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ኧረ ምንም አልነበራቸው! ራታቸውን በልተው ነው የተኙት፤ ድንገት ነው" ይባላል። ይህ ድንገት የምንለው ነገር ግን ሁልጊዜ ድንገት አይደለም። ከበስተጀርባው ለዓመታት በዝምታ ሲሠራ የኖረ የደም ግፊት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ይለምዳል። ይኸውም አንድ ጉዳይ መጀመሪያ በማን እንደተጻፈ፣ ማን መልስ እንደሰጠበት፣ በመጨረሻም ምን እንደተወሰነበት በቅደም ተከተል ማየት ነው። ይህንንም ጉዳይ ልክ እንደ አንድ ፋይል ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ እገልጠዋለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የራሳችንን በጠቀስኩበት ቦታ ዓ.ም. ብዬ አመልክቻለሁ።

ደም ብዛት ወይስ የደም ግፊት?

በአገራችን አነጋገር በሽታው "ደም ብዛት" ይባላል። ስሙ ግን ሰውን ያሳስታል። ደም ከመጠን በላይ ሞልቶ አይደለም። ደሙ በሥሩ ውስጥ ሲሄድ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ስላለፈ ነው። ስሙ በማሳሳቱ አንዳንዱ "ደሜ በዝቷል" ብሎ ዋግምት ያስደርጋል። ሌላው ደግሞ "አሁንማ ከሳሁ፣ ደሜም አንሷል" ብሎ ክኒኑን ይተወዋል።

ሐኪሞች ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ። ላይኛው ልብ ስትኮማተር ያለው ግፊት ነው፤ ታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። 120 በ80 ገደማ ደኅና ነው። በተለያየ ቀን፣ ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሲለካ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ግፊት አለ ይባላል። ክፋቱ አብዛኛው ሰው ምንም ሕመም አይሰማውም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

መለኪያው እንዴት ተገኘ?

በ1699 ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ታላቁ ኢያሱን ለማከም ወደ ከተማችን ወደ ጎንደር መጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን እንኳን በጎንደር በፓሪስም ቢሆን የሰውን የደም ግፊት መለካት የሚችል አልነበረም። ሐኪም የእጅን ትርታ በጣቱ ዳስሶ "ጠንካራ ነው፣ ለስላሳ ነው" ከማለት አያልፍም።

ግፊትን በመጀመሪያ የለካው እስጢፋኖስ ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። በፈረስ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሰክቶ ደሙ በረጅም የብርጭቆ ቱቦ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወጣ አየ። ያገኘውንም በ1733 አሳተመ። ያን ጊዜ እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዙፋን ጎንደርን ያስተዳድሩ ነበር። ይሁንና የሄልስ ዘዴ ለፈረስ እንጂ ለሰው አይሆንም፤ ለመለካት ብሎ ደም ሥሩን የሚያስቀድድ ማን አለ?

ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ ያወጣው የቶሪኖው ሐኪም ሪቫ ሮቺ ነው። ዘመኑ 1896 ነበር። የጣሊያን ጦር ዐድዋ ላይ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነውና፣ አንድ ጣሊያናዊ ዛሬ የሁላችንን ክንድ የሚጠቅመውን መሣሪያ ያበረከተው በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት ውስጥ ነው። በ1905 ደግሞ ኮሮትኮቭ የተባለው የሩሲያ ሐኪም በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ትርጉም ገለጸ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ቁጥር በቀላሉ ማወቅ ተቻለ። በየጤና ጣቢያው ነርሷ ክንዳችን ላይ ጠምጥማ የምታዳምጠው ከዚያ የመጣ ነው።

ነገሩ ከኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?

መለካት ተቻለ፤ የግፊቱ ምክንያት ግን ገና አልታወቀም ነበር። ሪቻርድ ብራይት የሚባለው የለንደን ሐኪም አስቀድሞ በ1836 ኩላሊታቸው ታምሞ በሚሞቱ ሰዎች ላይ ልባቸው ገዝፎ ትርታቸውም ጠንክሮ እንደሚገኝ ጽፎ ነበር። በ1898 ስቶክሆልም ላይ ቲገርስቴትና በርግማን ከጥንቸል ኩላሊት አንድ ንጥረ ነገር አወጡ። ለሌላ ጥንቸል ሲሰጡት ግፊቷ ወጣ። ስሙንም ሬኒን አሉት። ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ብዙም የተከተላቸው አልነበረም። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ፋይሉ "ለጊዜው ይቀመጥ" ተብሎ ተቀመጠ እንደማለት ነው።

ፋይሉን ከመደርደሪያ ያወረደው ሃሪ ጎልድብላት ነው። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሬሳ እየመረመረ የሰዎችን የአሟሟት ምክንያት የሚያጠና ሐኪም ነበር። ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የኩላሊታቸው ደም ቅዳ ጠቦ ስላገኘው "ምናልባት ጥበቱ ይሆን ግፊቱን ያመጣው?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያም የውሻ ኩላሊት ደም ቅዳ ላይ ከብር የተሠራች ትንሽ መቆንጠጫ አድርጎ ሥሩን አጠበበው። የውሻው ግፊት ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። ይህንንም በ1934 አሳተመ።

ደም ቅዳ የምለው ደምን ከልብ ወደ አካል የሚያደርሰውን ሥር ነው። ነገሩ ለጎንደር ሰው በምሳሌ ይገባል። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ይገባለታል። ቦዩ በደለል ጠቦ መዋኛው ውኃ አነሰው እንበል። መዋኛው ጋ ያለው ሰው "ውኃ አልደረሰኝም፣ ልቀቁ!" ብሎ ይጮኻል። ላይ ያለው ሰው ቦዩ መጥበቡን ስለማያውቅ ወንዙን አብዝቶ ይለቃል። ያን ጊዜ በመንገድ ያለው ማሳ ሁሉ ይጥለቀለቃል። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። ደም ሲያንሰው "ግፊቱ ወርዷል" ብሎ ያስብና ሬኒኑን ይልካል። ሬኒን በደም ውስጥ ሌላ ኃይለኛ ንጥረ ነገር እንዲሠራ ያደርጋል፤ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጨውና ውኃ በሰውነት ይያዛል። ለአንድ ኩላሊት ጥማት ሲባል የመላው አካል ግፊት ይወጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቀይ ቀለም ይሰመርበት። ግፊት ካለባቸው ሰዎች ከመቶ 90 የሚበልጡት እንዲህ ያለ አንድ ተለይቶ የሚታወቅ ምክንያት የላቸውም። የኩላሊት ደም ቅዳ መጥበብ የጥቂቶች ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያው ጥድፊያ

የጎልድብላት ሥራ እንደተሰማ በ1938 አሜሪካ ውስጥ ግፊት የነበረበት የአንድ ትንሽ ልጅ የታመመ ኩላሊቱ ተቆርጦ ወጣለትና ግፊቱ ወረደ። ወሬው ሲሰማ ቀዶ ጠጋኞች ሁሉ ተጣደፉ። ኩላሊት በየቦታው ይወጣ ጀመር። በ1956 ሆመር ስሚዝ የሚባለው የኩላሊት ሊቅ የ575 ሰዎችን መዝገብ ሰብስቦ ቢቆጥር፣ ግፊታቸው ወደ ደኅናው መጠን ወርዶ የቆየላቸው ከመቶ 26ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ኩላሊታቸውን ሰጥተው ግፊታቸውን ይዘው ቀሩ።

ሐኪሞቹስ ለምን እንዲህ ተጣደፉ ቢባል፣ በዚያ ዘመን ሁነኛ መድኃኒት ስላልነበረ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1945 ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በመርከብ ሆነው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ ላይ ራሳቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። በዚያ ቀን ሐኪማቸው የለካው ግፊት 300 በ190 ነበር። ያ ሁሉ ሥልጣንና ሀብት እያለ ዛሬ በጎንደር ጤና ጣቢያ የሚገኘውን ክኒን የሚሰጣቸው አልተገኘም፤ ገና አልተሠራምና። ውኃና ጨው በሽንት የሚያስወጣው ክኒን የመጣው በ1958 ነው። ከብራዚል እባብ መርዝ በተገኘ ዕውቀት የተሠራውና የሬኒንን ሥራ የሚያግደው ካፕቶፕሪል ደግሞ በ1981 ለሕዝብ ቀረበ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንውጠው ኢናላፕሪል የዚሁ ወገን ነው።

ፊኛው መጣ

ፊኛ ስል የሽንት ፊኛ ማለቴ አይደለም፤ ልጆች ለጨዋታ የሚነፉትን ዓይነት ነው። ቻርልስ ዶተር የተባለ አሜሪካዊ የራጅ ሐኪም በ1964 የጠበበ የእግር ደም ሥርን ያለ ቀዶ ጥገና፣ ቱቦ በማስገባት ብቻ ከፈተ። ይህንን ያሻሻለው በድሬስደን የተወለደው ጀርመናዊው አንድሬያስ ግሩንትሲግ ነው። ዙሪክ ላይ ሲሠራ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የምትነፋ ትንሽ ፊኛ ሠራ። በ1974 የእግርን፣ በ1977 የልብን ደም ሥር ከፈተባት። በ1978 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የኩላሊትን ደም ቅዳ በፊኛ ከፍተው ግፊት መውረዱን አስታወቁ።

በዚያው በ1978 በከተማችን የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ከላይፕሲክ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። ቀደም ሲል በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የጽዳት ሠራተኞችን ሲያስተምር፣ የዘመኑ ዋና ጠላት በደምቢያ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝና የመሰለው ተላላፊ በሽታ ነበር። የደም ግፊትን ያን ጊዜ ማን አስቦት!

ሥራው እንደሚከተለው ነው። ሐኪሙ የብሽሽትን ቆዳ አደንዝዞ በደም ቅዳው ቀጭን ቱቦ ያስገባል። በራጅ እያየ እስከ ኩላሊት ይመራዋል። ፊኛዋ ከጠበበው ቦታ ስትደርስ ትነፋና ሥሩን ታሰፋለች፤ ከዚያ ተንፍሳ ትወጣለች። ብዙ ጊዜም ሥሩ ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብ ቱቦ እዚያው ይቀመጣል። ቀላል ይመስላል እንጂ አደጋ አለው። ቱቦው የገባበት ቦታ ሊደማ፣ ሥሩ ሊቀደድ፣ ለራጁ የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ከሥሩ ግድግዳ የተነሣ ፍርፋሪ ሄዶ ሌላ ቦታ ሊዘጋ ይችላል።

ከተከፈተ በኋላ ግፊቱ ምን ይሆናል?

የጽሑፌ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። በየሰፈራችን "የኩላሊቱ ደም ሥር ጠቧል፤ ውጭ አገር ሄዶ ይከፈትለት ተብሏልና ቤት ሸጠን እንላከው ወይ? ዕድሩስ ምን ያህል ይረዳን?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ እንደ ሰውየው ነው።

1ኛ/ ወጣቶች፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ የደም ቅዳው ግድግዳ ራሱ ያለ አግባብ አድጎ ሥሩን የሚያጠብ ሕመም ያገኛቸዋል። በእነዚህ ላይ ፊኛው ብዙ ጊዜ መልካም ይሠራል። ግፊቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይወርዳል። አንዳንዶቹ ክኒን እስከ መተው ይደርሳሉ፤ ሌሎቹ ይቀንሳሉ። ዕድሜው ባነሰና ግፊቱ ከጀመረ ባጭር ጊዜ በተደረሰበት መጠን ተስፋው ይበልጣል።

2ኛ/ በዕድሜ የገፋን ሰዎች የደም ቅዳችን የሚጠበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስብ ተለጥፎበት በመደደሩ ነው። በእኛ ላይ ሥሩ ቢከፈትም ግፊቱ ሙሉ በሙሉ መዳኑ ብርቅ ነው። ለምን ቢባል፣ ለብዙ ዓመት የኖረ ግፊት ትንንሾቹን ሥሮች ሁሉ አደድሯቸዋል። ቦዩን ብትጠርገው ማሳው ቀድሞ ተበላሽቷል። ደግሞም ብዙዎቻችን የኩላሊቱ ሥር ሳይጠብ በፊትም ግፊት ነበረብን።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ በትልልቅ ጥናት ተመዝኗል። በ2009 በታተመው አስትራል በተባለው ጥናት 806 ሕሙማን ተካፍለዋል። ግማሾቹ ሥራቸው ተከፍቶ መድኃኒትም ወሰዱ፤ ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ። በግፊትም ሆነ በኩላሊት ጤና ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ2014 የታተመው ኮራል የተባለው ደግሞ 947 ሰዎችን ተከታትሎ የላይኛው ቁጥር ልዩነት 2 ነጥብ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። በሞትም ሆነ በስትሮክ የተረፈ ነገር የለም። የኩላሊት ቆረጣው ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ጥድፊያ፣ ቆይቶ ቆጠራ።

ታዲያ ለሽማግሌ ፈጽሞ አይደረግም ወይ? እንዲህስ አይባልም። ሳንባ በድንገት ውኃ እየሞላ የሚያስጨንቀው፣ ኩላሊቱ በፍጥነት እየደከመ የሄደ፣ ወይም ብዙ ዓይነት መድኃኒት በደንብ እየወሰደ ግፊቱ እምቢ ያለ ሰው ካለ፣ ሐኪሞች አስበው ይወስኑለታል።

3ኛ/ ሥሩ ለተከፈተለት ሰው ሁሉ፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ ነገሩ በዚያ አያልቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ሊያዞረው ይችላልና የመድኃኒቱን መጠን ሐኪም እያየ ያስተካክለዋል። ከወራት በኋላ ደግሞ ሥሩ ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። ያን ጊዜ ምልክቱ የግፊቱ እንደገና መውጣት ነው። ሳይለካ በምን ይታወቃል? "ተከፍቶልኛል፣ ድኛለሁ" ብሎ ክኒኑን የጣለ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም ከንቱ አደረገው።

የኛስ ቤት እንዴት ነው?

በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ የሆኑ 679 ሰዎችን ለክቶ ከመቶ 28ቱ ያህል ግፊት እንዳለባቸው አረጋገጠ። ከእነዚህም ከመቶ 37ቱ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። እስቲ በዕድራችን አስቡት። በስብሰባ ቀን ዐሥር ሽማግሌ በአንድ አግዳሚ ላይ ቢቀመጥ ሦስቱ ግፊት አለባቸው ማለት ነው፤ ከሦስቱም አንዱ አያውቅም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይኸኛው ግን ሰውየው ሸሽጎት ሳይሆን እሱ ራሱ ከሰውየው ተሸሽጎ ነው።

ደግነቱ ወገኖቻችን የሆኑ የጎንደር ሐኪሞች በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶችን አሠልጥነው፣ የግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማን በየቀበሌያቸው አቅራቢያ እንዲታዩ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ሀሳቡ ቀላልና ብልህ ነው። ለዕድሜ ልክ በሽታ በየወሩ ከደጋ ወደ ከተማ በእግር መመላለስ የማይቻል ነውና፣ ሕክምናው ወደ ሰውየው ይሂድ የሚል ነው።

ጨውስ? አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በዞረበት አገር ጨው የክብር ነገር ነው፤ በገጠራችን ቡና እንኳ በጨው የሚጠጣ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት የኢትዮጵያውያን በቀን 8 ግራም እንደሚያልፍ አሳይቷል። በርበሬውም ሽሮውም ጨው እያለበት ወጡ ላይ ደግመን እንጨምራለን። እመቤቶቻችን እዚህ ላይ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ማሳሰቢያ

ከላይ ከዘረዘርኩት ተነሥቼ ለአባላት የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከ35 ዓመት በላይ የሆነ አባል ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ። ከመለካቱ በፊት ቡና ሳይጠጣ፣ አምስት ደቂቃ ዐርፎ ይቀመጥ። የተለካውንም ቁጥር ከነቀኑ ይጻፍ።

2ኛ/ ክኒን የታዘዘለት ሰው ደኅና ስለሆነ ብሎ አይተወው። ደኅና የሆነው ስለወሰደው ነው።

3ኛ/ እንደ ኢናላፕሪል ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙ የኩላሊት ምርመራ ሲያዝለት አያመንታ። የሁለቱም ኩላሊት ደም ቅዳ ለጠበበበት ሰው ይህ ክኒን ኩላሊቱን ሊያደክመው ስለሚችል በምርመራ መከታተል ያስፈልጋል።

4ኛ/ "የኩላሊት ደም ሥር ይከፈት" የተባለ ቤተሰብ ቤትና መሬት ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሥሩ የጠበበው በምን ዓይነት ሕመም ነው? በመድኃኒት ብቻ መቆየት አይቻልም ወይ? ከተከፈተስ በኋላ ማን፣ በየስንት ጊዜው ይከታተለዋል? መልሱን በወረቀት ያጽፍ። ወጣት ልጅ ከሆነና ሐኪሞች ከተስማሙበት ግን ዕድራችን ሳይዘገይ ቢረዳ የተገባ ነው።

5ኛ/ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ቀን ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መለኪያዋን ይዛ እንድትመጣ ኮሚቴው በደብዳቤ ቢጠይቅ የሚል ሀሳብ አለኝ። ወጪው ከአንድ ድንኳን ኪራይ አይበልጥም።

ዕድራችን ለሞተ ሰው ክብር የሚሰጥ ነው። በሕይወት ላለውም ክንዱን ለመለኪያ እንዲዘረጋ ቢመክረው ከሥራው የወጣ አይመስለኝም። "ድንገት ነው" የሚለው ቃል ከየሐዘናችን ቤት እየቀነሰ እንዲሄድ ሁላችንም እንትጋ። ፈጣሪ ለሁላችንም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጠን። አሜን።